ይቅር የተባለው ባለ ምድጃ

አጎቴ በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚጠላው ቃል «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለው ነው። ስድብ ቢሆን ይመልሰዋል። ክስ ቢሆን ይሟገተዋል። ይቅርታን ግን ምን ብሎ ይከራከረዋል? አባቴ ደግሞ ይህን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሰስት ሲሰጠው ኖሯል፤ በሠርግ ቤት፣ በሐዘን ቤት፣ እናቴ ታማ በተኛችበት ክፍል፣ ሌላው ቀርቶ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የጥርስ ሐኪም ተራ ሲጠብቁ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለአጎቴ ይቀለው ነበር።

ሁለቱም ያረጁት አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን ሥራው ጡብ ማቃጠል ነበር፤ አባቴ ያንኑ ጡብ ይገነባል። አጎቴን ሠራተኛው «አመዱ» ይለዋል፤ ከምድጃው አመድ የተነሣ ገና በሠላሳ ዓመቱ ቅንድቡ ሸብቶ ይታይ ነበርና። አባቴን «ቱንቢ» ይሉታል፤ ግንበኞች ግድግዳ መቅናቱን ለማየት በክር የሚያንጠለጥሉት ብረት ነው። አባቴም አንድ ቦታ ከቆመ ወዲህም ወዲያም አይልም። እውነት ላይ ሲቆም ይህ ጠባዩ ደስ ይላል። ስህተት ላይ ሲቆምም ያው ነው።

ድርጅቱ ሲጀመር ድርጅት አልነበረም። መሥራቹን ሁላችንም «ሽማግሌው» እንለዋለን፤ ያን ጊዜ ግን ጎልማሳ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ አንድ ማሳ ተከራይቶ በሁለት የእንጨት ቅርጽና በአንድ የሚያነክስ ጋሪ ጭቃ ማቡካት ጀመረ። አጎቴ ሦስተኛው ተቀጣሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በወሩ ጥለው ስለሄዱ አንዳንዴ ሲፎክር «አንደኛው» ነኝ ይላል። ምድጃውን ከሽማግሌው ጋር ሆነው በእጃቸው ገነቡት፤ ሁለት ጊዜ ፈረሰባቸው፣ በሦስተኛው ቆመ።

ያ ምድጃ አንድ መለስተኛ ቤት ያህል ነበር። የደረቀው ጥሬ ጡብ ውስጡ ይደረደራል፣ በሩ በጭቃ ይመረጋል፣ ከዚያ አምስት ቀን እሳት፣ ሰባት ቀን ማቀዝቀዝ። አጎቴ ሙቀቱን የሚለካው በዓይኑ ነበር። በጎን በኩል ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ በእሷ አጮልቆ የእሳቱን ቀለም ያይና «ገና ነው» ወይም «በቃ፣ እንጨት አትጨምሩ» ይላል። ጡቡ ሲወጣ ከያንዳንዱ ረድፍ ሁለት አንሥቶ ያጋጫል። እንደ ደወል ከጮኸ ወደ መኪናው ነው። ድምፁ ከታፈነ «ይሄ ዲዳ ነው፣ ለዶሮ ቤት ስጡት» ይላል። በልጅነቴ ዶሮ ቤት ሁሉ ከዲዳ ጡብ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ከተማው ወደ እነሱ መጣ። በአንድ ወገን መንገድ፣ በሌላው ወገን ሰፈር፣ ከወንዙ ማዶ ፋብሪካ። ሁሉም ጡብ ይፈልጋል። ሽማግሌው ጡብ መሸጡ ብቻ አላረካውም፤ ግንበኞች ቀጠረና የራሱን ጡብ ራሱ መገንባት ጀመረ። የቆርቆሮ ሰሌዳው ላይ «ጡብ ማምረቻ» ከሚለው ሥር «እና ሕንፃ ሥራ» ተጨመረበት፤ ለጽሑፉ ቦታ ስላልነበረ ፊደሉ ወደ ታች ያዘቀዝቅ ነበር። አባቴ የተቀጠረው ያን ጊዜ ነው። በተቀጠረ በሳምንቱ ጠማማ ጡብ ተላከልኝ ብሎ ሊጣላ ወደ ምድጃው ወረደ፤ ለወንድሟ ምሳ ይዛ የመጣችውን እናቴን አየና ጠቡን ረሳው። አጎቴ ይህን ሲያወራ «እህቴን የዳርኳት በአሥር ጠማማ ጡብ ነው» ይላል። እናቴ «ዘጠኝ ናቸው፣ አንዱ ደህና ነበር» ትለዋለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

የወንዙ ዳር ሸክላ አለቀ። የሽማግሌው ልጅ ምሕንድስና ተምሮ ከውጭ ተመልሶ ነበርና አባቱ ኃላፊነቱን ቀስ በቀስ እያስረከበው ነበር። ይህ «ኢንጂነሩ» የምንለው ሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከኮረብታው ጀርባ አዲስ የአፈር ጉድጓድ መግዛት ነበር። የመጀመሪያው መኪና አፈር ሲራገፍ አጎቴ ተንበርክኮ በእጁ ዘገነው። ውስጡ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ጠጠሮች ነበሩ።

«ይሄ ኖራ ነው» አለው ለኢንጂነሩ። «ከእሳት ሲወጣ ጤነኛ ይመስላል። ይጮሃል እንኳ። ቆይቶ እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ጡቡን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ወይ አፈሩ እንደ ዱቄት ይፈጭ፣ ወይ ጡቡ ከምድጃ እንደወጣ ውኃ ገንዳ ውስጥ ይነከር። ያን ጊዜ ኖራው ሳያብጥ እዚያው ይሟሟል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«መንከሩና ማድረቁ ሁለት ሳምንት ቢጨምር ነው።»

«ሁለት ሳምንት የለንም። ትምህርት ቤቱ ልጆች ሳይመዘገቡ መድረስ አለበት።»

ትምህርት ቤቱ ድርጅቱ እስከዚያ ቀን ካገኘው ሥራ ሁሉ ትልቁ ነበር። ጡቡ ሳይነከር ሄደ። አባቴ የግንበኞቹ ፎርማን ሆኖ ግድግዳውን አቆመው፤ እንደ ልማዱ አንዲት ፀጉር ያህል ሳያዛንፍ። ልስኑ ተመረገ፣ ቢጫ ቀለም ተቀባ፣ ፎቶ ተነሣ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር ተገጣጠመ። የዚያ ጡብ እሳት ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ እናቴ ሆዷን ይዛ ወደቀች። አባቴ ከከተማው ማዶ የሕንፃ መወጣጫ ላይ ነበር። ጎረቤት ሮጦ የነገረው ለአጎቴ ነው፤ እሱም ምድጃውን አሥር ዓመት አብሮት ለሠራ ረዳቱ ትቶ በጡብ መኪና ሐኪም ቤት አደረሳት። ከጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ዶክተሩ ቢዘገይ ኖሮ ትርፍ አንጀቷ ይፈነዳ ነበር ብሎናል። እሳቱ ግን ምንም አልሆነም፤ ረዳቱ አልተኛም፣ እንጨቱ አልጎደለም።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሦስተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ፈንጣጣ አወጣ። ልስኑ እዚህም እዚያም ሳንቲም ሳንቲም እያከለ ይፈነቀላል፤ ከሥሩ የጎደጎደ ጡብ፣ ከጉድጓዱ ግርጌ ደግሞ ነጭ ነጥብ። ማንም አልተጎዳም፤ ግድግዳው ግን መፍረስ ነበረበት። ኢንጂነሩ አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ «በማቃጠል ሂደት በተፈጠረ ጉድለት» ይላል። «በዕለቱ የምድጃው ኃላፊ በሥራ ገበታቸው ላይ አልነበሩም» ይላል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። የመጀመሪያው እንዲታመን ያደረገው ሁለተኛው ነው።

አባቴ ግድግዳውን ራሱ አፈረሰው። ጨርሶ ወደ ቤት የመጣ ዕለት እኔ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ። አጎቴ ሊያስረዳው አስቀድሞ መጥቶ ተቀምጧል። አባቴ እጁን ሳይታጠብ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ምድጃውን የተውከው ለሚስቴ ብለህ ነው» አለው። «ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን አንቄው ነበር። አንተን ግን ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ተወው፣ አልፏል።»

«እንዴት ተወው? ጡቡ ይጮህ አልነበረም? በግንበኛ ማንኪያህ ጠርዝ ስትመታው አልሰማህም? ያልበሰለ ጡብ ይጮሃል? ኖራ ነው ያፈነዳው።»

«አልፏል አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ። ቂም የለኝም።»

እናቴ ከጓዳ ሆና «እናንተ ሰዎች፣ ስትጮኹ ስፌቱ ዛሬም ያመኛል» አለች። ነገሩ በዚያው ተዳፈነ።

አጎቴ ከምድጃው ተነሥቶ የግቢው በር ጠባቂ ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ስምንት ዓመት በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረ። ሲሚንቶ ሲገባ ከፍቷል፤ የብሎኬት ማሽኑ በትልቅ መኪና ተጭኖ ሲመጣ ከፍቷል፤ ምድጃውን ሊያፈርስ የመጣውን ዶዘርም በሩን ወለል አድርጎ ያስገባው እሱ ነው። ድርጅቱ ጡብ መሥራት ተወ። ሽማግሌው ሞተ። ዛሬ በማሳው ቦታ ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል፤ ሕንፃው ውስጥ አንድም የሸክላ ጡብ የለም።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ የተመሠረተበትን አምሳኛ ዓመት የሚዘክር መጽሐፍ እንድጽፍለት ጠራኝ። ከዚህ በፊት ለአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር አዘጋጅቻለሁ። ለአጎቴ ስነግረው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«አንቺ የወረቀት ሰው» አለኝ። «አራት መስመር ብቻ ነው የምፈልገው። አፈሩ ኖራ ነበረው። ባለ ምድጃው ተናገረ። አልሰሙትም። ጡቡ በእሳት ጉድለት አልተበላሸም። በቃ። ባለ ምድጃው እንዲህ ብሏል ብለሽ በእኔ ቃል ጻፊው።»

«አባባ እንዲያነበው ነው?»

«ሌላ ማን አለኝ? መጽሐፉን ለጡረተኛ ሁሉ ያድላሉ። አባትሽ ደግሞ የታተመ ነገር ያከብራል። በአፌ ስነግረው ይቅር ይለኛል።»

ጻፍኩት። የጻፍኩት ረቂቅ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ሲመለስ አራቱ መስመሮች የሉም፤ በቦታቸው «አልፎ አልፎ ያጋጠሙ ቴክኒካዊ ችግሮች በአመራሩ ብስለት ተፈትተዋል» የሚል ገብቷል። መልሼ አስገባሁት። መልሰው አወጡት። ሦስተኛ ጊዜ ስልክ ስደውል ልጅቷ በትሕትና «እትዬ፣ እኔም ታዝዤ ነው» አለችኝ።

ለአጎቴ ነገርኩት። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ ጃኬቱን ለበሰና የት ሄደ? ወደ ድሮው የአፈር ጉድጓድ። በሰባ አራት ዓመቱ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ግማሽ ማዳበሪያ አፈር በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። ጓሮው ውስጥ በአሮጌ በርሜል ትንሽ ምድጃ ሠርቶ የሳሙና ቁራጭ የሚያካክሉ ሁለት ጡቦች አቃጠለ። ጎረቤቶቹ ጭስ ነው ብለው ከሰሱት። አንዱን ጡብ ከእሳት እንደወጣ ባልዲ ውስጥ ነከረው፤ ሌላውን እንዲሁ ተወው። በማግሥቱ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞኝ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ወጣ።

ኢንጂነሩ አሁን ጸጉሩ ሸሽቶ መነጽር አድርጓል። አጎቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ሰው ቢልኩብኝ እኔ እመጣ ነበር እኮ።»

«ሰው ብልክብህ ጡቡን ማን ያመጣው ነበር?» አለው አጎቴ፤ በልጅነቱ በጭቃ ጋሪ ያንሸራሽረው ስለነበር አንቱታ አያውቅለትም። ሁለቱን ጡቦች ረጠብ ባለ ፎጣ ላይ አድርጎ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣቸው። «እነዚህን እንዳታስነካ። ፎጣው ሲደርቅ አርጥበው። ሌላ ሥራ የለህም።»

በስድስተኛው ቀን ኢንጂነሩ ራሱ ደወለልኝ። ከአጎቴ ጋር ስንሄድ የተነከረው ጡብ እንደነበረ አለ። ያልተነከረው ሁለት ቦታ ፈንድቶ ፍርፋሪው መስኮቱ ሥር ወርዷል፤ ከጉድጓዱ ውስጥ ነጩ ይታያል። አጎቴ ፍርፋሪውን በጣቱ ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«ይሄን ያቃጠልኩ ጊዜ የትም አልሄድኩም» አለው። «ከአጠገቡ አልተነሣሁም።»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ያኔም አውቀው ነበር» አለ። «ሪፖርቱን ስጽፍ አውቃለሁ። ጉድጓዱን አባቴ አትግዛ ብሎኝ በእልህ የገዛሁት እኔ ነኝ። አባቴ በሕይወት ነበር። ምን ልበለው?»

«አሁንስ? አሁን አባትህ የሉም።»

«አሁን ደግሞ ድርጅቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ሌሎች ባለድርሻዎች አሉ። በዚያን ዘመን የሠራናቸው ቤቶች ሁሉ ባለቤቶች ነገ ተነሥተው ግድግዳችንን መርምሩልን ቢሉ ምን እመልሳለሁ? እርስዎ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ካለ ይንገሩኝ። ሕክምና ቢሆን፣ ምንም ቢሆን።»

«አራት መስመር ነው የፈለግኩት።»

«እሱ አይሆንም፣ ጋሼ።»

አጎቴ የተነከረውን ጡብ በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለ፤ የፈነዳውን ጠረጴዛው ላይ ተወለት። አሳንሰሩን አልፈለገም። አሥራ ሁለቱን ፎቅ በእግሩ ወረደ፤ እኔ ከኋላው። ሰባተኛው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበና «ደረጃው ደህና ነው» አለ።

ቀጥሎ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። ነገሩን ማስተካከል የምችል መሰለኝ። በማግሥቱ ብቻዬን ተመልሼ ለኢንጂነሩ «እንግዲያው አይጻፍ፤ ግን ለአባቴ ደውለህ አንድ ቃል ንገረው» አልኩት። አፈረም፣ ቀለለውም መሰለኝ። እዚያው ፊት ለፊቴ ደወለ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። «ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ የጋሼ አልነበረም» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ብዙ ጊዜ «አዎ፣ አዎ» አለ።

ቤት ስደርስ አባቴ ልብሱን ቀይሮ፣ ጫማውን አስሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ከደወሉለት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ውኃ ስጪኝ አለና ሳይጠጣው ተነሣ።»

«ወደ አጎትሽ ውሰጅኝ» አለኝ አባቴ።

አጎቴ ቤቱ ደጃፍ ላይ በርሜሉን እያጠበ ነበር። አባቴን ሲያይ ቀና አለ፤ ወንበር አላቀረበም። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግን አፉ እንደ ልማዱ አልታዘዘለትም።

«ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ» አለ። «የእሳቱ ጥፋት አልነበረም። ኖራው ነው።»

አጎቴ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ማን ነገረህ?»

«ኢንጂነሩ።»

«መቼ?»

«ዛሬ። በስልክ።»

አጎቴ ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየቱን ዛሬም አልረሳሁትም። ከዚያ ወደ አባቴ ተመለሰ።

«እኔስ ምን ብዬህ ነበር?»

«ይሄንኑ።»

«በሌላ ቃል ነበር?»

«በዚሁ ቃል ነው።»

«ስንት ጊዜ ነገርኩህ?»

አባቴ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ተወው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ነገር ነገርኩህ» አለ አጎቴ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ጡቡን ስበር አልኩህ። ጉድጓዱን እንይ፣ አብረን እንሂድ አልኩህ። ረዳቴን ይዤልህ መጣሁ፣ እሱንም ይቅር አልከው። ኢንጂነሩ ግን የዋሸብኝ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ በስልክ አናገረህና አመንከው። አሁን ያመንከው እኔን ነው እሱን?»

«አንተን ነው።»

«እኔ ዛሬ የነገርኩህ ነገር የለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ቃሉን የት እንደለመድከው አውቃለሁ» አለውና ጎንበስ ብሎ በርሜሉን ማጠቡን ቀጠለ። «ሂድና ካመንከው ሰው ጋር ተቃቀፍ።»

እኔ መሐል ገብቼ ያስደወልኩት እኔ ነኝ አልኩ። «አንቺማ የተማርሽ ነሽ፤ ከእኔ ቃል የእሱ ስልክ በለጠብሽ» አለኝ።

መጽሐፉ ከሁለት ወር በኋላ ታተመ። የአጎቴ ፎቶ ገጽ አርባ አንድ ላይ አለ፤ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ከሥሩ «የድርጅቱ አንጋፋ ጥበቃ» ተብሎ። ለጡረተኞች ሲታደል ሊቀበል አልሄደም። የኔን ቅጂ ወስጄ ልሰጠው አስቤ ደፍሬ አላወጣሁትም።

አባቴ ግን በየሳምንቱ ይሄዳል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ጫማውን አስሮ። እናቴ «ምን ይልሃል?» ስትለው «ምንም» ይላል። ባለፈው እኔ ሳደርሰው አየሁ። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ከውስጥ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ግባ አላለውም፤ በሩንም አልዘጋበትም።